እሳቱ የት ቀረ? የቆየ መኪና አልነሳ ሲል ከመቀየር በፊት መፈተሽ

የቁሐር ሚካኤል፣ የወረታና የፎገራ ነዋሪዎች፤ ሹፌሮች፣ መካኒኮችና ረዳቶች፤ በጉማራና በርብ ዳር በሞተር ውሃ እየሳባችሁ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ገበሬዎች፤ ይህ ንግግር ለእናንተ ነው።

ዛሬ የምናገረው የቆየ የቤንዚን መኪና አልነሳ ሲል፣ ሞተሩ ሲቆራርጥ ወይም መንገድ ላይ ድንገት ሲጠፋ ጉድለቱ እንዴት እንደሚገኝ ነው። ሁላችንም የለመድነው አሠራር አለ። መኪናው ቆመ፤ ካንዴላ ይቀየራል። አልነሳም፤ ፑንቲና ይቀየራል። አሁንም አልነሳም፤ ቦቢና ይቀየራል። በመጨረሻ አንዱ ይመታና ሞተሩ ይነሳል። ባለ መኪናው የሦስቱንም ዋጋ ከፍሎ ይሄዳል፤ የተበላሸው ግን አንዱ ብቻ ነበር። አንዳንዴም ከሦስቱ አንዱም አልተበላሸም፤ ዕቃ ሲፈታና ሲታሰር የላላ ሽቦ ሳይታወቅ ጠብቆ ነው መኪናው የተነሳው። እንዲህ ያለው መኪና በሳምንቱ ተመልሶ ይቆማል።

እኔ የምሟገተው ለሌላ አሠራር ነው። መጀመሪያ ይፈተሽ፤ ማስረጃ ይገኝ፤ ከዚያ ይቀየር። አባቶቻችን "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ያሉት ለጋራዥም ይሠራል። ይህ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከኋላ መብራት የወጣ አንድ ትንሽ አምፖል፣ ሁለት ክንድ ሽቦ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ክፍተት የሚለካበት ስስ የብረት መለኪያ ይበቃል። ቮልትና ኦም የሚያነብ መለኪያ ከተጨመረበት ደግሞ የሚያመልጥ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ ለምን በዚህ ቦታ እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። ወረታ ባሕር ዳርን ከጎንደር የሚያገናኘው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋሸናና ወልድያ ከሚወጣው መንገድ ጋር የሚገጥምበት ከተማ ነው። ከሦስቱም አቅጣጫ የሚመጣ መኪና እዚህ ያልፋል፤ የታመመውም እዚህ ይቆማል። ከነዚህ መኪኖች መካከል የቆዩት ብዙ ናቸው፤ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ፔጆ 504፣ የቤንዚን ላንድክሩዘር። እነዚህ መኪኖች ቶሎ የሚተኩም አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን መጠገን ግዴታችን ነው። ዕቃው እያነሰና እየተወደደ፣ አስመስሎ የተሠራውም እየበዛ በሄደ መጠን ያለ ፍተሻ መቀየር ኪሳራው ይከፋል። ዛሬ አዲስ ተብሎ የሚገባው ኮንደንሰር ወይም ፑንቲና ከወጣው አሮጌ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሳይፈትሽ የሚቀይር ሰው ደህናውን አውጥቶ በሽተኛ ሊያስገባ ይችላል።

አንድ ነገር ልለይ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላም ቦቢናም የለውም፤ አየሩን በኃይል አምቆ በዚያ ሙቀት ነዳጁን ያቀጣጥላል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ አይሱዙና መሰሎቹን አይነካም። ስለ ቤንዚን ሞተር ብቻ ነው።

አሁን እሳቱ እንዴት እንደሚወለድ እንይ፤ አመጣጡን ያላወቀ ሰው መሄጃውን አይደርስበትም። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት በሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ባለ አየር ዘልሎ እሳት ለመፍጠር ግን ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። 12ቱን ወደ ሺዎች የሚያሳድገው ቦቢናው ነው። በውስጡ ሁለት ጥቅልሎች አሉ፤ አንዱ ወፍራም ሽቦ ጥቂት መቶ ጊዜ የተጠመጠመ፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ። ፑንቲናው፣ ማለትም እየገጠመና እየተለያየ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ጥንድ ብረት፣ ሲገጥም በወፍራሙ ጥቅልል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፍና የማግኔት ኃይል ይከማቻል። ፑንቲናው ሲለያይ ያ ኃይል በቅጽበት ይወድቅና በቀጭኑ ጥቅልል ውስጥ ከፍተኛውን ቮልት ይወልዳል። እሳቱ የሚወለደው ፑንቲናው ሲገጥም አይደለም፤ ሲለያይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ፑንቲናው በሚለያይበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ ዘልሎ እንዳያቃጥለው፣ መቋረጡም ፈጣን እንዲሆን ኮንደንሰሩ ይረዳል። የተወለደው ከፍተኛ ቮልት በመካከለኛው ኬብል ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይሄዳል፤ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ለየሲሊንደሩ በተራ ያድለዋል። ይህን አሠራር ከ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ለመኪና ያበቃው ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እኛ ዛሬ የምንነዳቸው የቆዩ መኪኖች በመሠረቱ በዚሁ ይሠራሉ። ምን ያህል እንደሚደክም ደግሞ አስሉት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር 6000 እሳት ያስፈልገዋል፤ በሴኮንድ 100 ማለት ነው። ፑንቲናው መቶ ጊዜ ይገጥማል፣ መቶ ጊዜ ይለያያል። ቢያልቅ፣ ቢቃጠል አይገርምም።

ወደ ፍተሻው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ኮፈኑን መክፈት ሳይሆን ጠይቆ መስማት ነው። "አልነሳም አለ" የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል። ቁልፉ ሲዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ጨርሶ አይዞርም ወይስ እየጎተተ ይዞራል? ይህ የባትሪ፣ የባትሪ ጫፍ ወይም ወደ ቦዲ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ጉዳይ ነው። ሞተሪኖው እንደ ልቡ እየዞረ ሞተሩ አይነሳም? ወይ ቤንዚን የለም፣ ወይ እሳት የለም፣ ወይ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል። ተነስቶ ይቆራርጣል ወይም እየሄደ ይጠፋል? ይህ ሦስተኛው ነው፤ መንገዱም ለየት ይላል።

ከነዚህ ውስጥ ራሳቸውን የሚያጋልጡ ምልክቶች አሉ። ተገፍቶ የሚነሳ፣ በሞተሪኖ ግን የማይነሳ መኪና ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው ሲዞር ከፍተኛ ኃይል ይስባል፤ በዚያ ጊዜ የባትሪው ቮልት ከ10 በታች እየወረደ ከሄደ ለቦቢናው የሚተርፈው አይበቃም፤ ሞተሩ እየዞረ እሳቱ ይደክማል። ሌላም አለ። ቁልፉ በተያዘበት ጊዜ ሞተሩ ይነሳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። አንዳንድ መኪኖች በሥራ ጊዜ ወደ ቦቢናው የሚገባውን ኃይል የሚቀንስ ተቃዋሚ ወይም ሬዚስተር አላቸው፤ በማስነሻ ጊዜ ግን ኃይሉ በሌላ ሽቦ በቀጥታ ይገባል። ቁልፉ ሲለቀቅ የሚጠፋ መኪና ያ ሬዚስተር ተበጥሶ ወይም የቁልፉ ቤት አልቆ ሊሆን ይችላል። ባለ መኪናው ይህን በቃሉ ሲናገር ሰምቶ ያስተዋለ መካኒክ ግማሹን ሥራ ሳይነካ ጨርሷል።

ሞተሪኖው ደህና ከሆነ ወደ እሳቱ እንሄዳለን። በፎገራ ሜዳ ውሃ ወደ ማሳው አልደርስ ያለው ገበሬ ቦዩን በሙሉ እንደገና አይቆፍርም፤ በቦዩ ዳር ሄዶ ውሃው እስከየት እንደደረሰ ያያል፤ የቆመበትን ቦታ ብቻ ይከፍታል። የመኪና እሳትም እንዲሁ አንድ መንገድ ነው ያለው፤ ከባትሪ ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ቦቢና፣ ከቦቢና ወደ ፑንቲና፤ ከዚያ ከቦቢናው በመካከለኛው ኬብል ወደ ክዳኑ፣ ወደ ሮተር፣ ወደ ካንዴላ ኬብል፣ ወደ ካንዴላ። ብልህ ሰው ከመካከል ይጀምራል፤ መካከል ላይ እሳት ካለ ከበላይ ያለው በሙሉ ደህና መሆኑን በአንድ ጊዜ ያውቃልና።

ስለዚህ መካከለኛውን ኬብል ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ንቀሉ። ትርፉን ካንዴላ ጫፉ ላይ አስገቡ፤ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቃችሁ አስነኩ፤ በባዶ እጅ ሳይሆን ላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዙ። ቤንዚን የፈሰሰበት ወይም የሚሸትበት ቦታ ላይ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። የልብ መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም ከዚህ ሥራ ይራቅ። ረዳቱ ቁልፉን ያዙር። ፀሐይ ካለ በኮታችሁ ጋርዱት፤ በፎገራ የቀትር ፀሐይ ደህና እሳት እንኳ አይታይም።

አሁን በቅርብ ተመልከቱ። ደህና እሳት ሰማያዊ ነው፤ ወፍራም ነው፤ "ጣ፣ ጣ፣ ጣ" ሲል ይሰማል። የደከመ እሳት ቀጭን ነው፤ ወደ ብጫ ወይም ወደ ቀይ ያደላል፤ ድምፁም አይሰማም። እንዲህ ያለው እሳት በክፍት አየር ላይ ይዘላል፤ በሲሊንደር ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ግን ይሞታል። ለዚህ ነው "እሳት አለው" ብሎ ማለፍ የማይበቃው፤ ምን ዓይነት እሳት እንዳለው መመስከር ያስፈልጋል።

ከመካከለኛው ኬብል ደህና እሳት ወጣ እንበል፤ በካንዴላዎቹ ግን የለም ወይም ይቆራረጣል። ያን ጊዜ ቦቢናውንና ፑንቲናውን አትንኩ፤ ነጻ ናቸው። ጥፋተኛው ከክዳኑ ወዲህ ነው። ክዳኑን ፈትታችሁ ውስጡን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄድ እንደ እርሳስ የጠቆረ ቀጭን መስመር ካያችሁ እሳቱ በዚያ እየሾለከ ነው፤ ይህ መስመር ቢጠረግም አይለቅም፤ ክዳኑ መቀየር አለበት። በመካከሉ ያለው ትንሽ የከሰል ጫፍ መኖሩንና ስፕሪንጉ መግፋቱን እዩ። የሮተሩ ጫፍ ተቃጥሎ ካልሆነ፣ ካልተሰነጠቀም ይቀጥል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ በኦም ለኩ፤ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ አንድ ኬብል ከ25 ሺህ ኦም ማለፍ የለበትም። የተበጠሰ ኬብል ያለውን ሲሊንደር ለማወቅ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ላስቲክ ባለው ፒንሳ የአንዱን ካንዴላ ኬብል ለአፍታ ንቀሉና መልሱ። ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው።

ከመካከለኛው ኬብል ምንም እሳት ካልወጣ ደግሞ አምፖሉ ይናገራል። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ሽቦ ደግሞ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ከቦቢናው ፖዘቲቭ ጋር አስነኩ። ካልበራ ቦቢናው እየተራበ ነው፤ ወደ ቁልፍና ወደ ፊውዝ ተመለሱ። ከበራ አምፖሉን ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው ሽቦ ወዳለበት ወደ ቦቢናው ኔጋቲቭ አዛውሩና ረዳቱ ሞተሪኖውን ያዙር። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው እየገጠመና እየተለያየ ነው፤ እንግዲህ ጥርጣሬው ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ቦቢናው ቀጭን ጥቅልል ይሄዳል። አምፖሉ ሳይጠፋ ከቆየ ፑንቲናው አይገጥምም፤ ወይ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ወይ ፊቱ ተቃጥሏል ወይም ቅባት ነክቶታል፣ ወይ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሽቦ ተበጥሳለች። አምፖሉ ጨርሶ ካልበራ ፑንቲናው አይለያይም፣ ወይም ሽቦው ብረት ነክቷል፣ ወይም የቦቢናው ወፍራም ጥቅልል ተበጥሷል። እሳቱ ፑንቲናው ሲለያይ ይወለዳል ያልኳችሁን አስታውሱ፤ የማይለያይ ፑንቲና የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን እሳት አይሰጥም። አንድ አምፖል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ይመሰክራል።

ፑንቲናውን ስትከፍቱ ፊቱን አንብቡ። ግራጫና ለስላሳ ከሆነ ጤነኛ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ አልፎበታል ወይም ኮንደንሰሩ ሞቷል። በአንዱ ፊት ላይ ጉድጓድ፣ በሌላው ላይ ጉብታ ካለ ብረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውሯል፤ ኮንደንሰሩ የማይስማማው ነው። ፑንቲናውን ብቻ ቀይራችሁ ኮንደንሰሩን ብትተዉት አዲሱም በቅርብ ያልቃል። ክፍተቱን በዓይን አትገምቱ። በቮልስዋገን 0.4 ሚሊ ሜትር፣ በላዳ ከ0.35 እስከ 0.45፣ በብዙ የቆዩ ኮሮላዎች 0.45 ነው። ብዙ ሰው በመጋዝ ምላጭ ይለካል፤ ምላጩ ግን ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በሱ የተለካ ፑንቲና ቦቢናውን ለመሙላት ጊዜ አይሰጠውም፤ ሞተሩ በፍጥነት ላይ ይቆራርጣል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ሲወዛወዝ ደግሞ ክፍተቱ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ በእጃችሁ ወዝውዛችሁ አረጋግጡ።

የፑንቲና ክፍተት ሲለወጥ እሳቱ የሚመጣበት ሰዓትም ይለወጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ክፍተቱ፣ ከዚያ ሰዓቱ ይስተካከላል፤ ተገልብጦ ከተሠራ ሁለቱም ይበላሻሉ። እሳቱ ለሲሊንደሮቹ የሚደርስበትን ተራም አትርሱ፤ ኮሮላና ላዳ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ሲሆኑ ቮልስዋገን 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ኬብሎች ሲነቀሉ ተቀላቅለው ከተመለሱ ደህና የነበረው መኪና ያስነጥሳል፣ በጭስ ማውጫው ይተኩሳል።

ቦቢናውን ደግሞ ስትቀይሩ አብሮት የሚሄደውን እወቁ። ያለ ሬዚስተር የሚሠራ ቦቢና ወፍራም ጥቅልሉ ወደ 3 ኦም ይለካል፤ 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ነው፤ ፑንቲናው ይችለዋል። ከሬዚስተር ጋር እንዲሠራ የተሠራው ግን ወደ 1.5 ኦም ነው፤ ይህን ያለ ሬዚስተር ብታስሩት 8 አምፔር ይስባል፤ ፑንቲናው ይቃጠላል፤ ቦቢናውም ይግላል። "ቦቢና ነው፣ ቦቢና ነው" ብሎ ማሰር ብዙ መኪና አበላሽቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ጠባይ ልምጣ። ክረምት ሲገባ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውሃ ሲተኛበት፣ ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት አልነሳም ይላል። የዚህ አብዛኛው ጥፋት እርጥበት ነው። ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም አድርቁት፤ ኬብሎቹን ጥረጉ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኬብሉ ከእርጅና የተነሳ እየሾለከ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ማታ ጨለማ ቦታ ላይ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ከኬብሉ ወደ ሞተሩ ብረት የሚዘሉ ሰማያዊ ብልጭታዎችን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሩዝና ገለባ በሚከማችበት ግቢ የሚያድር መኪና ካለ ደግሞ አይጥ ሽቦ ትቆርጣለች፤ ከምንም በፊት ሽቦዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ።

ሁለተኛው የአገራችን ጠባይ ከፍታ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ላይ ናቸው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ከዚያም ይቀንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በደረቅ ጥቀርሻ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ካንዴላ ደግሞ እሳቱን ያሾልካል። ሰው ካንዴላ ይቀይራል፤ በወሩ ይጠቁራል፤ እንደገና ይቀይራል። በሽታው ያለው ካርቡሬተሩ ላይ ነው። ስለዚህ የወጣን ካንዴላ ሳታነቡ አትጣሉ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ይበዛል ወይም እሳቱ ደክሟል፤ በዘይት ከራሰ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚን አንሷል ወይም እሳቱ ቀድሟል፤ በቤንዚን ከራሰ እሳት አላገኘም። አራቱን ካንዴላዎች በተራቸው ደርድሯቸው፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ቢለይ ጉድለቱ የዚያ ሲሊንደር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዳገት ነው። ከወረታ ተነስቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ጥላ ሥር ቆሞ ሲበርድ ይነሳል፤ እንደገና ሲሞቅ ይጠፋል። ይህ በሽታ ሁለት አባት ሊኖረው ይችላል። ሲሞቅ ውስጡ የሚለያይ ቦቢና ወይም ኮንደንሰር አንዱ ነው፤ በቱቦው ውስጥ በሙቀት ወደ እንፋሎት የሚለወጥ ቤንዚን ሌላው ነው። በቀዘቀዘ መኪና ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለዩት በጠፋበት ቅጽበት ብቻ ነው። እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ሞተሩ ሳይበርድ፣ መካከለኛውን ኬብል ነቅላችሁ እሳቱን እዩ። ከሌለ የእሳት መንገድ ነው፤ ደህና ሰማያዊ እሳት ካለ ቤንዚኑን ፈልጉ። ጋራዥ ከደረሳችሁ በኋላ ማስረጃው አብሮ በርዷል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ፑንቲና የላቸውም፤ በሱ ፋንታ ምልክት የሚሰጥ ትንሽ ጥቅልልና ኢግናይተር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አላቸው። መንገዱ ግን አይለወጥም፤ አምፖሉ በፑንቲናው ቦታ የኢግናይተሩን ሥራ ይመሰክራል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ በእነዚህ ላይ ኬብል ነቅላችሁ እንደ ተንጠለጠለ አትተዉ፤ መውጫ ያጣው ከፍተኛ ቮልት ሳጥኑን ሊገድለው ይችላል። ሁልጊዜ ካንዴላ አስገብታችሁ ከብረት ጋር አስነኩት።

ውሃ በሞተር ለምትስቡ ገበሬዎችም አንድ ቃል አለኝ። የቤንዚን የውሃ ፓምፕ ባትሪ የለውም፤ በሚዞረው መንኮራኩር ላይ ያለው ማግኔት ከአጠገቡ ያለውን ቦቢና ያነቃል። በማግኔቱና በቦቢናው መካከል ያለው ክፍተት ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዝገት ከያዘው እሳቱ ይደክማል፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። ብዙዎቹ ፓምፖች ደግሞ ዘይት ሲጎድል ሞተሩ እንዳይቃጠል እሳቱን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ አላቸው። ፓምፑን በጉማራ ዳር ተዳፋት ላይ አዘንብላችሁ ካስቀመጣችሁት ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና መሣሪያው "ዘይት የለም" ብሎ እሳቱን ይቆርጣል። ብዙ ጤነኛ ፓምፕ በዚህ ምክንያት በጀርባ ተጭኖ ወረታ ጋራዥ ይመጣል። ዘይቱን ሙሉ፣ መቀመጫውን አስተካክሉ፤ ከዚያ አስነሱት።

ወገኖቼ፤ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ሁላችሁም መካኒክ እንድትሆኑ አይደለም። በባለ መኪናና በመካኒክ መካከል እውነት እንዲቆም ነው። በጋራዣችን ውስጥ ጥሩ እጅ ያላቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ከመምህራቸው የተማሩት ምን እንደሚቀየር እንጂ ለምን እንደሚቀየር አይደለም። ምክንያቱን ያልተማረ ረዳት ነገ ጋራዥ ሲከፍት ያንኑ ግምት ለሌላው ያስተምራል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንደሚባለው ባለ መኪናውም የመኪናውን ጠባይ መደበቅ የለበትም፤ መች እንደሚጠፋ፣ ሲሞቅ ይሁን ሲዘንብ፣ ዳገት ላይ ይሁን ሜዳ ላይ፣ ከዚህ በፊት ማን ምን እንደነካው በግልጽ ይናገር።

ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ባለ መኪናዎች፤ መካኒኩ "ቦቢናው ሞቷል" ሲላችሁ በአክብሮት "ወንድሜ፣ ምን አይተህ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተረከቡ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እሳቱን በዓይናችሁ ያሳያችኋል። ባለ ጋራዦች፤ ለረዳቶቻችሁ አምፖሏን አስይዟቸው፤ እናንተ ከመናገራችሁ በፊት ረዳቱ እሳቱ የት እንደ ቀረ ይናገር፤ ቢሳሳት አርሙት፤ ለእያንዳንዱ መኪና የፈተሻችሁትንና ያገኛችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያ ደብተር ለዚህ አገር መንገድና አየር የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ይሆናል። ወጣቶች፤ የመጀመሪያ ገንዘባችሁን በትልቅ የኪያቤ ስብስብ ላይ ከማዋላችሁ በፊት መለኪያ ግዙ፤ ብሎን የሚፈታ ብዙ ነው፤ የትኛው ብሎን መፈታት እንዳለበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ የመንገድ መገናኛ ላይ የሚቆም መኪና የሰው ዕለት ጉርስ ነው፤ ታማሚ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሽንኩርት ጭኖ ገበያ ሊያደርስ ይችላል። ከግምት በፊት ፍተሻን ያስቀደመ ከተማ ለመንገደኛው እምነት ይሰጣል፤ ለሙያውም ክብር ይሰጣል። ወረታና ቁሐር ሚካኤል እንዲህ ያለ ስም እንዲኖራቸው ሥራውን ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ጀምሩት።